በሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ «ቤቶች» ስላለው ሰው

የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ተሻለ ወልደሰንበት አየለ
ዕድሜ፦ 64 ዓመት
የትውልድ ቦታ፦ ደብረ ማርቆስ (ለሥራ ወደ ጭሮ ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ)
አድራሻ፦ ጭሮ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ብሎክ ለ፣ አንደኛ ፎቅ
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፤ የብሎኩ ነዋሪዎች ኮሚቴ ቅሬታ ተቀባይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡30 ጀምሮ
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ ምስክሩ በመረጡት አማርኛ
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን አይናዲስ ሞላ
ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ሰው ቤት ስለመግባት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአቶ ኃይለሚካኤል ዘውዴ መኖሪያ ቤት ያለ ፈቃድ ገብቷል ተብሎ ተይዞ ያደረውን መስታወት ጠራጊ ብሩ ታደለን አውቀዋለሁ። ዝምድናም ጠብም የለንም። ወደ ቤቱ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ያለ ፈቃድ ግን አልገባም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ነገሬ ረዘም ያለ ስለሆነ መርማሪዋ መሀል ላይ ቢደክማቸው ዋናው ነገር እንዳይቀር ብዬ ነው።

ብሩ በዚህ ጉዳይ ቢቀጣ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ገመዱን የምትጠብቅለት እህቱ ሰርካም ከትናንት ጀምሮ ሥራ ፈትታለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ወሬው ነው። የጎረቤት ብሎኮች የእኛን ውጤት አይተው ሊቀጥሩት እየተጠባበቁ ነበር። ደህና ይጠርጋል የተባለ መስታወት ጠራጊ ሥራ አያጣም። በመስኮት ይገባል የተባለን መስታወት ጠራጊ ግን ጭሮ ቀርቶ እስከ መቻራ ድረስ መስኮቱን የሚያስነካው ሰው አይገኝም።

የብሎኩ ቅሬታ ተቀባይ የሆንኩት ባልተገኘሁበት ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ተመርጬ ነው። ብሎካችን ከመናኸሪያው በላይ ስለሆነ የአውቶቡሱ አቧራና ወደ ሚኤሶ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ጭስ መስታወታችን ላይ ተጣብቆ፣ መስኮቶቻችን ውጭውን ማሳየት ካቆሙ ቆይተዋል። የእኔ ጎረቤት ዝናብ መዝነቡን የሚያጣራው ምድር ቤት ላለ ሰው ስልክ ደውሎ ነበር። በዚህ የተነሳ መዋጮ አውጥተን ለበዓል እናስጠርግ ተባለ። ለዒድ ይድረስ ያሉና ለፋሲካ ይሁን ያሉ ነዋሪዎች ተከራከሩ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ዒድ አለፈ። ስለዚህ ለፋሲካ ሆነ።

ብሩ የቦርደዴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ የባንክ ሕንፃዎችን መስታወት በገመድ ተንጠልጥሎ ሲጠርግ ኖሮ ከእህቱ ጋር ወደ አገሩ ተመልሷል። እሱ ይወርዳል፣ እሷ ጣሪያው ላይ ሆና ገመዱን ትጠብቃለች። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ቅሬታ ስጠይቀው «ጋሼ፣ በባንክ ቅሬታ የሚባል ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። የባንክ መስታወት አይከፈትም። የእኛ ይከፈታል።

ሥራው የተጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። በዚያው ጠዋት የመጀመሪያው ቅሬታ ደረሰኝ። ምድር ቤት የሚኖሩት ወ/ሮ ፈለቀች ለበዓሉ የሚያስፈጩትን በርበሬ ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፈው አስጥተው ነበር። ከላይ የሚወርደው የሳሙና ውኃ በርበሬው ላይ ተንጠባጠበ። ወ/ሮ ፈለቀች ጥቂት ዛላ በእጃቸው ይዘው ደጄ ድረስ መጥተው «አቶ ተሻለ፣ በርበሬ ታጥቦ ይሰጣል እንጂ ተሰጥቶ አይታጠብም» አሉኝ።  የብሎኩ ፊት ሲጠረግ በርበሬው ወደ ጓሮ እንዲዞር፣ ጓሮው ሲጠረግ ወደ ፊት እንዲመለስ ተስማማን። ከዚያ ጀምሮ በርበሬው ከእኔ ይልቅ ብዙ ተጉዟል። ስለ በርበሬው እንዳሳጥር መርማሪዋ ስላሳሰቡኝ አሳጥሬያለሁ፤ ነገር ግን ወደፊት ስለሚያስፈልገኝ አንድ ጊዜ እመለስበታለሁ።

በዚያው ቀን ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሹክሪያ ጠራችኝ። «ኦቦ ተሻለ፣ ፀጉሬን እያበጠርኩ ዘወር ስል ሰው መስታወቴ ላይ ተለጥፏል። እንሽላሊት እንኳ ሲመጣ ኮሽ ይላል» አለች። ብሩን ጠርቼ ስጠይቀው «እኔ የማየው እድፉን ነው፣ ውስጡን አላይም» አለ። ሹክሪያ «ውስጡ እድፍ ነው ማለትህ ነው?» አለችው። ከዚህ በኋላ ለነዋሪዎች የሚሰጥ መልስ ሁሉ በእኔ በኩል ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ሳሚ ቅሬታ አቀረበ። ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ጫት እየቃሙ እንደነበሩ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ አንድ ሰው በአየር ላይ መጥቶ ፊታቸው እንደቆመ፣ እያንዳንዳቸውም ለብቻቸው የታያቸው መስሏቸው አንዱ ለሌላው ሳይናገር እንደተበተኑ አስረዳኝ። «ጋሼ፣ ምርቃና የሰው ንብረት ነው» አለኝ። ከጓደኞቹ አንዱ ከዚያ ቀን ወዲህ ጫት እንዳልቃመ ሰምቻለሁ። የሳሚ ባለቤት ደግሞ ለብቻዋ መጥታ፣ ጠራጊው በየሳምንቱ የሚመጣ ከሆነ መዋጮ ለመጨመር ዝግጁ መሆኗን ነገረችኝ። ይህን ከቅሬታ አልቆጠርኩትም።

ከእነዚህ ሁሉ የተረዳሁት ሰዉ የጠላው መጠረጉን ሳይሆን በድንገት መታየቱን ነው። ስለዚህ ብሩ ወደ አንድ መስኮት ከመውረዱ በፊት የግቢው ጥበቃ በድሪ ፊሽካ እንዲነፋ አደረግን። በድሪ ነፋ። በብሎካችን ግን ፊሽካ የሚነፋው የቧንቧ ውኃ ሲመጣ ነው። ነዋሪው በሙሉ ጀሪካን ይዞ ወረደ፤ ውኃ አለመምጣቱን ሲያውቅ በአንድ ቀን ውስጥ ካየሁት ሁሉ የከበደውን ቅሬታ አቀረበ። ፊሽካው ቀረ።

መፍትሔውን ያመጣው በድሪ ራሱ ነው። «ኦቦ ተሻለ፣ ሰው ሰው ቤት ሲደርስ ምን ይላል?» አለኝ። «ቤቶች ይላል» አልኩት። «ታዲያ ይህስ ሰው ቤት አይደለም የደረሰው?» አለ። በዚሁ መሠረት ብሩ በእያንዳንዱ መስኮት ፊት ሲደርስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ቤቶች» ብሎ እንዲጠራ፣ ከውስጥ «ቆይ» ከተባለ እንዲጠብቅ፣ ማንም ካልመለሰ እንዲጀምር ደንብ አወጣን። ሹክሪያ በበኩሏ በእሷ መስኮት «አሰላሙ አለይኩም» ቢባል ደስ እንደሚላት ገለጸች። ብሩ ማተቡን እንዳሰረ፣ ባልዲውን በክንዱ እንዳንጠለጠለ፣ በአየር ላይ ሆኖ ሰላምታውን ሲያቀርብ «ወአለይኩም ሰላም» የሚል መልስ ተሰጠው። ሻሿን አስራ መስኮቱን ከፈተችና የቀረ እድፍ በጣቷ አሳየችው። ረቡዕ አንድም ቅሬታ አልደረሰኝም። ሥራዬን ያጣሁ መስሎኝ ነበር።

መርማሪዋ ወደ ዋናው ጉዳይ እንድገባ ስለጠየቁኝ እገባለሁ።

ትናንት ሐሙስ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ደንቡ መከበሩን እያየሁ ከገመዱ በታች ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር። ብሩ በሦስተኛ ፎቅ በአቶ ኃይለሚካኤል ሳሎን መስኮት ፊት ሥራ ላይ ነበር። አቶ ኃይለሚካኤል ቀኑን ሱቃቸው ይውላሉ። ባለቤታቸው መቻራ ተመድበው የሚሠሩ የጤና ባለሙያ ስለሆኑ የሚመጡት ለሰንበት ነው። ቤት የሚውሉት በጥምቀት ሰሞን ከሚኤሶ የመጡት የአቶ ኃይለሚካኤል እናት ወ/ሮ ሣህሊቱ ናቸው። የመጡት ዓይናቸውን ሊታዩ ነው። ከመጡ ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ አላየኋቸውም።

ብሩ መስኮቱ ጋ እንደደረሰ «ቤቶች» ብሎ ነበር፤ መልስ ስላጣ መጥረግ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ኮቴ የሰማ መሰለውና እንደገና «ቤቶች» አለ። ከዚህ በኋላ የተነጋገሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፣ እሱ ከባልዲው ጩኸት የተነሳ፣ እሳቸው ከዕድሜያቸው።

ወ/ሮ ሣህሊቱ ከውስጥ «ደጆች፤ ማን ነህ? በር አልከፍትም፣ ተከልክያለሁ» አሉ።

ብሩ «በሩ ጋ አይደለሁም እማማ፤ መስኮቱ ጋ ነኝ» አለ።

 ከዚያ መስኮቱ ተከፈተና ወ/ሮ ሣህሊቱ ብቅ አሉ። ወደ ብሩ አየት አድርገው «አንተ ልጅ፣ ደጅ ምን አስቆመህ?» አሉት።

«አልቆምኩም እማማ፣ ተንጠልጥዬ ነው።»

«እሱማ ይባስ። ግባ። ኮቱ፣ ሴኒ።»

ወ/ሮ ሣህሊቱ የሚኤሶ ሰው ስለሆኑ እንግዳ ሲጠሩ በሁለቱም ቋንቋ ይጠራሉ። «ኮቱ፣ ሴኒ» ማለት «ና፣ ግባ» ማለት ነው። ስለዚህ ብሩ እንዲገባ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተነግሮታል፤ ብሩ ደግሞ ሁለቱንም ያውቃል።

ብሩ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። እሳቸው «ጾም ነህ?» አሉት። መሆኑን ነገራቸው። «እኔም ነኝ። ሰዓቱ ደርሶ ብቻዬን መቁረስ አስጠልቶኝ ነው የተቀመጥኩት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ። ብሩ እግሩ ርጥብ መሆኑን፣ ምንጣፍ እንደሚያበላሽ ነገራቸው። «እግርህን ማን ሊበላው ነው? በሞቴ ግባ» አሉት።

ብሩ ወደ ታች ወደ እኔ አየ። «ጋሽ ተሻለ፣ በሞቴ አሉኝ» አለ፤ ገመዱ ተበጠሰ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። እኔም ግባ ብዬ በእጄ አመለከትኩት። ለምን እንደፈቀድኩ ስጠየቅ፣ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። በደንባችን ውስጥ ስለ ግብዣ የተባለ ነገር የለም። አንዲት አሮጊት በሞቴ ብለው እምቢ የተባሉ እንደሆነ ደግሞ ቅሬታው የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ እንዲህ ላለው ቅሬታ መፍትሔ የለኝም። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ የሰውን መጸዳጃ ቤት ስመረምር ከወረዳ ወረዳ ስዞር፣ የቀረበልኝን ሳልቀምስ የወጣሁበት ቤት ትዝ አይለኝም። የከሰሰኝም የለም። ልዩነቱ እኔ የምገባው በበር መሆኑ ነው።

ብሩ ባልዲውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ፣ ገመዱን ከቀበቶው ፈትቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ። ሰርካ ጣሪያው ላይ ሆና ገመዱ ሲላላባት ደነገጠች። ፊቷ ከጫፉ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለች። «ተጋብዞ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ለእኔስ አላሉም?» ብላ ጠየቀች። ይህን የምናገረው፣ ሁኔታው በዚያ ሰዓት ከነበርነው ሰዎች ለማንኛችንም ወንጀል እንዳልመሰለን ለማስረዳት ነው።

በዚህ መሀል ወ/ሮ ፈለቀች ከጓሮ ጠሩኝ። ጓሮው ጥላ ስለሆነባቸው በርበሬውን ወደ ፊት ለመመለስ ፈቃድ ይፈልጋሉ። እኔ ፊት ለፊቱ ገና እንዳልተጠረገ፣ እሳቸው ፀሐይ ለጠራጊ ብላ እንደማትቆም ስንነጋገር ጊዜ ሄደ። ወደ ፊት ስመለስ ገመዱ ባዶውን ተንጠልጥሎ፣ ባልዲው መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ፣ አንድ ባጃጅ ከግቢው ሲወጣ አየሁ። ውስጡ ብሩ በሁለት ፖሊሶች መሀል ነበር። ጫማውን በእጁ ይዟል። ሰርካ ከጣሪያ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ አልደረሰችበትም።

ቤት ውስጥ የሆነውን አላየሁም፤ ባላየሁት ምስክር አልሆንም። ከአቶ ኃይለሚካኤል አፍ የሰማሁትን ግን እነግራለሁ። ከወትሮው ቀድመው ከሱቅ ወደ ቤት ሲገቡ፣ ሶፋቸው ላይ የማያውቁት ሰው በባዶ እግሩ፣ ወገቡ ላይ ብረት ያለው ሰፊ ቀበቶ ታጥቆ፣ እጁን ታጥቦ ተቀምጦ አገኙ። እናታቸው ማዕድ ቤት ነበሩ። «በየት ገባህ?» ብለው ጠየቁት። «በመስኮት» አላቸው። «ማን ፈቅዶልህ?» ሲሉት «እማማ» አለ። «የማን እማማ?» ሲሉት «የእርስዎ ይመስሉኛል» አላቸው። የሰጣቸው መልሶች በሙሉ እውነት ነበሩ፤ አንድ በአንድም ነገሩን አባሱት። ወ/ሮ ሣህሊቱ ትሪውን ይዘው ሲመጡና «እንግዳዬ ነው» ሲሉ፣ አቶ ኃይለሚካኤል እናታቸው ፈርተው ወይም ተታልለው የሚናገሩ መሰላቸውና ወደ ፖሊስ ደወሉ። አቶ ኃይለሚካኤልን አልወቅስም። እኔም ብሆን በሦስተኛ ፎቅ ሳሎኔ ውስጥ ሰው በመስኮት ገብቶ ባገኝ፣ ወጥ ጨምሩለት ብዬ አልጀምርም።

ትናንቱኑ ወደዚህ ጣቢያ መጥቼ ቃሌን ለመስጠት ጠይቄ ነበር፤ ለዛሬ ጠዋት ተቀጠርኩ። ሰርካ ወንድሟን ትታ ወደ ቦርደዴ አልሄድም ስላለች ሹክሪያ ቤት አድራለች። ሹክሪያ ያለችውን ልመስክር፦ «ልጁ እኮ መስኮቴን ሳያስፈቅድ ነክቶ አያውቅም፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት» ነው ያለችው። ሰኞ ስለ እንሽላሊት የተናገረችው እሷው መሆኗን አላስታወስኳትም።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ወደ አቶ ኃይለሚካኤል ቤት ወጣሁ። አቶ ኃይለሚካኤል በሩን ከፍተው አስገቡኝ። ትናንት የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አድምጠው ሲያበቁ «ጋሽ ተሻለ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ሰው ሁሉ ልጇ ነው። ማን እንደገባ የምታውቅ ይመስልዎታል? ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቤቶች ቢላትስ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

መልሱ ከመኝታ ቤት መጣ። ወ/ሮ ሣህሊቱ ነጠላቸውን እያደረጉ ወጥተው «ኃይሌ፣ ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ሰው በድምፁ ይታወቃል» አሉ።

«እማዬ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ አላልኩሽም?»

«በሩን አልክ። መስኮቱን አላልክም።»

አቶ ኃይለሚካኤል ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ምንጣፉ አየሁ።

ወ/ሮ ሣህሊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሚኤሶ ቤታቸው ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ እንደነበረ፣ ውኃ የጠማውም፣ መንገድ የጠፋውም፣ ዝም ብሎ ሰላም ሊል የመጣውም ቤቶች ሳይል እንደማያልፍ ነገሩን። «እዚህ ከመጣሁ አንድ ሰው ቤቴን ጠርቶ አያውቅም። ደወሉ ይጮሃል፣ አትክፈቺ ተብያለሁ፣ ይጮህና ይሄዳል። ያ ልጅ ነው የመጀመሪያው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ እኔ እዚህ የቤት ሰው ነኝ ወይስ እስክትመለስ የተቀመጥኩ አደራ? አደራ ከሆንኩ ልጁ ያለ ፈቃድ ገብቷል፤ አደራ እንግዳ አይጠራም። የቤት ሰው ከሆንኩ ግን እንግዳዬን ነው ያሳሰርክብኝ፤ ያውም ሳይቀምስ።»

 አቶ ኃይለሚካኤል «እማዬ፣ ደረጃው ብዙ ነው» አሉ። ማንም ስለ ደረጃ አላነሳም ነበር። ወ/ሮ ሣህሊቱ ግን ገባቸው። «ያንን ልጅ ገመድ ከቻለው እኔን ደረጃ አያቅተኝም፤ ጫማዬን አምጣ» አሉት።

ወደዚህ ጣቢያ ለመምጣት ሦስታችንም ወረድን። በእያንዳንዱ ፎቅ ዕረፍት አደረግን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሹክሪያ ወንበር አወጣችላቸውና ሰርካን ከእኛ ጋር ላከች። ምድር ቤት ላይ ወ/ሮ ፈለቀች የሚኤሶ ዘመድ እንዳላቸው ተናገሩ፤ ወ/ሮ ሣህሊቱ ሰውዬውን ያውቁት ኖሮ ስለ እሱ ጥቂት ቆየን። እግረ መንገዳቸውን ወ/ሮ ሣህሊቱ በርበሬውን በእጃቸው ዳብሰው ገና አልደረቀም አሉ። ወ/ሮ ፈለቀች ወደ እኔ ዞር ብለው «አላልኩም?» አሉኝ። በድሪ ባጃጅ ጠርቶ ነበር። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ወ/ሮ ሣህሊቱ ከዚህ ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰርካ ጋር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠባበቃሉ። በበሩ በኩል እንደሚሰማኝ ሰርካ ስለ አዲስ አበባ ሕንፃዎች እየተጠየቀች ነው፤ በተለይ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ምን ሲያደርጉ እንደምታይ።

የምጨምረው እንዳለ መርማሪዋ ጠይቀውኝ የለኝም ልል ስል አቶ ኃይለሚካኤል በሩን ቆርቁረው ገቡ። መርማሪዋ የምስክር ቃል በመቀበል ላይ መሆናቸውን ነግረው እንዲወጡ ቢያሳስቧቸውም፣ አቶ ኃይለሚካኤል ጉዳያቸው ከፖሊስ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር መሆኑን ገለጹ። የተናገሩት እንዲጻፍልኝ ስለጠየቅሁ ተጽፏል።

«ጋሽ ተሻለ፣ እርስዎ ቅሬታ ተቀባይ ነዎት አይደል?» አሉኝ።

መሆኔን አረጋገጥኩ።

«እንግዲያው ቅሬታ አለኝ። የሳሎኔ መስኮት ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ ሳሙናው ደርቆበት ቀርቷል። ጠዋት ስነሳ በግማሹ መናኸሪያው ይታያል፣ ግማሹ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። ለፋሲካ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው?»

ቅሬታው ተገቢ መሆኑን፣ በብሎኩ ደንብ መሠረት ሥራውን ጀምሮ የተወው ሰው ራሱ ሊያርመው እንደሚገባ፣ ሆኖም ሰውየው በአሁኑ ሰዓት በዚህ ጣቢያ ስለሚገኝ ከኮሚቴው አቅም በላይ መሆኑን አስረዳኋቸው። አቶ ኃይለሚካኤል ወደ መርማሪዋ ዞረው አቤቱታቸውን የሚያነሱት የት ላይ ፈርመው እንደሆነ ጠየቁ። መርማሪዋ አቤቱታ ማንሳት ኃላፊው ሲመጡ ሰኞ የሚታይ መሆኑን፣ እስከዚያ በዋስ መልቀቅ ግን እንደሚቻል፣ ለዚህም በመጀመሪያ በዕለቱ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ቃል መሰማት እንዳለበት ነገሯቸው። ቀጥለውም ወደ ኮሪደሩ «የቤቱ ሰው ማን ነው?» ብለው ጠሩ።

ወ/ሮ ሣህሊቱ «እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ኃይለሚካኤል ሄደው እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። እኔም ወንበሬን ለቅቄላቸዋለሁ፤ ስለዚህ የቀረውን ቃሌን የሰጠሁት ቆሜ ነው።

የቀረው ቃሌ ይህ ነው። ከላይ ያልኩት በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ከሌላ ሰው የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት ተናግሬያለሁ። በፍርድ ቤት ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ፣ ስለ በርበሬው ጭምር። ቃሌ ተነቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተሻለ ወልደሰንበት (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን አይናዲስ ሞላ (ተፈርሟል)

ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ፦ ተጠርጣሪ ብሩ ታደለ በዕለቱ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት በሰው ዋስ ተለቋል። ገመድ ማያያዣ ቀበቶውና ጫማው ተመልሰውለታል።

የዋስ ስም፦ ኃይለሚካኤል ዘውዴ

ዋሱ ለተጠርጣሪው ያለው ዝምድና፦ አቤቱታ አቅራቢ